ሸክላ፣ ኦሪትና እናትነት፦ በቤተ እስራኤል ሴቶች ውርስ ላይ ከካፕላንና ከሮዘን ጋር የሚደረግ ሙግት

እ.ኤ.አ. በ1996 ስቲቨን ካፕላንና ሃይም ሮዘን «ካዬ ዴቱድ አፍሪኬን» በተባለው የፈረንሳይ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጉዳዩ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ሴቶች ከሸክላ የሚሠሯቸው ትንንሽ ምስሎች ነበሩ። ጎንደርን የጎበኘ ሰው ያውቃቸዋል፦ ኦሪት የታቀፈ ቄስ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ በአንድ አልጋ የተጋደሙ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ልጇን የያዘች እናት። ሁለቱ ጸሐፊዎች ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ ምስሎቹ ከጥንት የወረዱ አይደሉም፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር በተፈጠረው ግንኙነትና በጎብኚ ገበያ ምክንያት በቅርብ ጊዜ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ የቀደመውን የቤተ እስራኤል ባህል በእነሱ አማካይነት አነብባለሁ የሚል ተመራማሪ ይሳሳታል።

ይህ መጣጥፍ የዘመን ስሌታቸውን አይነካም። ምስሎቹ አዲስ ናቸው። የዳዊት ኮከብም ቢሆን ቤተ እስራኤል ከውጭ አይሁዶች ጋር ከተገናኙ በኋላ የያዙት ምልክት እንጂ ከአባቶቻቸው መስጊድ (የጸሎት ቤት) የወረሱት አይደለም። ጠቡ ያለው ቀጥሎ በሚመጣው እርምጃ ላይ ነው። ቅርጹ አዲስ ስለሆነ ውርስ የለበትም ማለት ውርስን ከዕቃው መልክ ብቻ መፈለግ ነው። የወለቃ ወይም የአምቦበር (የጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል መንደሮች) እናት ለልጇ ያወረሰችው አንበሳ ወይም ንግሥት አይደለም። ጭቃ የሚያውቅ እጅ ነው፤ ዕቃን ከርኩሰት የሚጠብቅ ሕግ ነው፤ ሁለቱንም ልጅ እያሳደጉ ጎን ለጎን የማስኬድ ልማድ ነው። ይህ ውርስ ከምስሎቹ እጅግ ይቀድማል፤ ምስሎቹም ያለ እሱ ሊኖሩ አይችሉም ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ቤተ እስራኤል የተጻፈው ብዙ ነው፤ እዚህ ሁሉንም መዘርዘር አያስፈልግም። ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 እና 1868 ወደ አካባቢው መጥተዋል፤ ተማሪያቸው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ተከትለዋቸዋል። ቮልፍ ሌስላው በ1951 የግዕዝ መጻሕፍታቸውን በእንግሊዝኛ አቅርበዋል፤ በ1957 ደግሞ ልማዳቸውንና እምነታቸውን በፈረንሳይኛ ጽፈዋል። ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1986 ባወጡት መጽሐፍ ዜማቸውን መርምረው የሥርዓታቸውን ሥር ከኢትዮጵያ ክርስትና ጋር አያይዘውታል። ስለ አመጣጣቸው የሚደረገው ረጅም ክርክር ከዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ውጭ ስለሆነ ለባለቤቶቹ ይተዋል።

ዝም ብሎ ማለፍ የማይቻለው በ1992 የወጡትን ሁለት መጻሕፍት ነው። ያ ዓመት ለዘርፉ ልዩ ዓመት ነበር፤ የጄምስ ኩዊሪንም የካፕላንም ታላላቅ ሥራዎች ያኔ ታተሙ። ኩዊሪን ዕደ ጥበብን ከፖለቲካ ጋር በማያያዝ ረገድ የሚያክላቸው የለም። ትረካቸው እንዲህ ይሄዳል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ተደነገገ ይላል ትውፊቱ። ጦርነቱ ቀጠለ፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) የሰሜን ተራራ የመጨረሻ ምሽጎቻቸው ወደቁ። መሬት ያጣ ሕዝብ በእጁ ሥራ መኖር ነበረበትና ወንዶቹ አንጥረኛና ሸማኔ ሆኑ። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ደግሞ ግንበኛና አናጢ ሆነው ከቤተ መንግሥት ተጠጉ። ከተማዋ ስትዳከም ያ ደረጃም ጠፋ፤ የእጅ ሥራቸው ከነንቀቱ ብቻ ቀረ።

ይህ አሳማኝ ትረካ ነው፤ ጉድለቱ ግን ገና ከመነሻው ይጀምራል። የሚራመደው በነገሥታት፣ በመነኮሳትና በወንድ ባለሙያዎች እግር ነው። አንጥረኛው ለምን አንጥረኛ እንደሆነ ይነገረናል፤ ግንበኛው መቼ እንደተነሣና መቼ እንደወደቀ ይነገረናል። ሸክላ ሠሪዋ ስትመጣ ግን «ሴቶቹም ሸክላ ይሠሩ ነበር» በሚል ዓይነት ጭራ ተቀጥላ ትታለፋለች። ወንዱ ታሪክ አለው፤ ሴቷ ያላት ሥራ ብቻ ነው። የሚገርመው፣ ከሁለቱ ሙያዎች ያልተቋረጠው የእርሷ ነው። የግንበኝነቱ ወግ ከጎንደር ነገሥታት ጋር ከፍ ብሎ ከእነሱ ጋር ዝቅ ብሏል። ምጣድ፣ እንስራ፣ ጋንና ጀበና ግን ንጉሥ ኖረም አልኖረም ይፈለጋሉ።

ካፕላንም በዚያው ዓመት ባወጡት መጽሐፍ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ለሃይማኖታዊው ታሪክ የሚሰጡት ክብደት ይበልጣል፤ የምንኩስናን ሥርዓትና የመንጻትን ሕግ የምንኩስናቸው መሥራቾች ከሚባሉት ከአባ ሰብራና ከሰጋ አምላክ ትውፊት ጋር አያይዘው በሰፊው ይተነትናሉ። ጎረቤቶቻቸው «አትንኩኝ» ብለው የሰየሙት ከሌላ እምነት ሰው ተለይቶ የመኖር ልማድም ከዚያ ጋር ይነሣል። ሆኖም ሕጉን የደነገጉት መነኮሳት ናቸው ብንል እንኳ ያስከበሩት መነኮሳት ናቸው ማለት አይደለም። ማን ከማን ዕቃ እንደሚበላ፣ የትኛው እንስራ ከየትኛው እንደማይደባለቅ፣ ከገበያ የተመለሰ ሰው ቤት ሳይገባ እንዲታጠብ በየቀኑ የሚያየው ዐይን የእናት ዐይን ነበር። በገዳም የሚኖር መነኩሴ ስለ ጓዳ የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ችግሩ በከፊል የመጻሕፍቱ አደራደር ነው። ስለ ኑሮ የሚናገር ምዕራፍ አለ፤ ሸክላ እዚያ ይገባል። ስለ እምነት የሚናገር ምዕራፍ አለ፤ ንጽሕና እዚያ ይገባል። ስለ ቤተሰብ የሚናገር ምዕራፍ አለ፤ ወሊድና ጋብቻ እዚያ ይገባሉ። ሦስቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ግቢ፣ ልጅ ባዘለ አንድ ጀርባ ላይ የተሸከመችው ሴት በሦስቱም ምዕራፎች ተበትና አትታይም።

ከሥራው እንጀምር። የቤተ እስራኤል ሸክላ የሚሽከረከር ጎማ አያውቅም። አፈሩ ተቆፍሮ ይመጣል፤ ጠጠሩ ይለቀማል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይርሳል፣ ይታሻል። ከዚያ ጭቃው እየተድቦለቦለና እየተጠቀለለ አንዱ በሌላው ላይ ይገነባል፤ በእጅ ይሳባል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይለሰልሳል። ጥላ ሥር ቀናት ከደረቀ በኋላ ሜዳ ላይ በኩበት፣ በጭድና በእንጨት ይተኮሳል። በየደረጃው የሚያበላሸው ነገር ብዙ ነው። አፈሩ ከበዛ ወይም ካነሰ ይሰነጠቃል፤ ቶሎ ከደረቀ ይጣመማል፤ እርጥበት ሳይወጣለት እሳት ከገባ ይፈነዳል። ምጣድ ደግሞ ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከእሳት በሰላም ከወጣም በኋላ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራ አያወጣም።

ይህን የሚያስተምር መጽሐፍም ትምህርት ቤትም አልነበረም። ልጅቱ መጀመሪያ ውኃ ትቀዳለች፤ ቀጥሎ አፈር ትወቅጣለች፤ እናቷ ከምትጥለው ቁራጭ ጭቃ መጫወቻ ትሠራለች፤ እያደር ትንሽ ጀበና ይሰጣታል። ጋን የሚፈቀድላት ክንዷ ሲጠና ነው። እጅ የሚማረው በቃል አይደለም፤ የጭቃው ውፍረት ትክክል መሆኑን የሚያውቀው ጣት ነው። ካፕላንና ሮዘን ምስሎቹን እንደ አዲስ ፈጠራ ሲያዩ ያልመረመሩት ይህንን ነው። የአንበሳው ጋማና የቄሱ ጥምጣም የሚገነቡበት ጭቃ፣ የሚድቦለቦሉበት መንገድ፣ የሚለሰልሱበት ድንጋይ፣ የሚተኮሱበት ኩበት ከጀበናው ጋር አንድ ነው። ጎብኚው አዲስ ቅርጽ ጠየቀ፤ አዲስ እጅ ግን ሊያመጣ አይችልም ነበር።

በዚህ ላይ የጋብቻው ሥርዓት ይጨመራል፤ ብዙም ያልታሰበበት ቢሆንም ለዚህ መጣጥፍ ከፍተኛ ክብደት ያለው ማስረጃ ነው። ቤተ እስራኤል እንደ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ሁሉ እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመዱ ሰዎችን አያጋቡም። ትንሽ በሆነች መንደር ውስጥ ይህ ማለት ሙሽራ ከሩቅ ትመጣለች ማለት ነው። ሴት ልጅ ከአባቷ መንደር ወጥታ ወደ ባሏ ወገን ትሄዳለች። ይዛው የምትሄደው ምንድን ነው? ርስት የለም፤ ርስቱ ከተወሰደ ዘመናት አልፈዋል። ከብት ጥቂት ነው። እጇ ግን ከእርሷ ጋር ይሄዳል። እናቷ በአንዱ አውራጃ ያስተማረቻትን በሌላው አውራጃ አፈር ላይ ትሞክረዋለች፤ ከአማቷ ጋር ታስማማዋለች፤ ለልጇ ታወርሰዋለች። የአንጥረኛው ወናፍ ከአባት ወደ ልጅ በአንድ መንደር ሲቀር፣ የሸክላው ዕውቀት በየሠርጉ ከመንደር ወደ መንደር እየተሻገረ ሕዝቡን ያስተሳስር ነበር። ስለ ቤተ እስራኤል አንድነት ሲጻፍ ቄሶችና ዓመታዊው የስግድ በዓል ጉባኤ ይጠቀሳሉ። በትከሻ የሚጓዘው ይህ ሌላ ድር ከእነሱ እኩል ሊጠቀስ ይገባዋል።

ወደ እምነቱ ስንመጣ ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክራል። የኦሪት ዘሌዋውያን 11ኛና 15ኛ ምዕራፎች ስለ ዕቃ ንጽሕና በግልጽ ይለያሉ፤ የእንጨት ዕቃ ቢረክስ በውኃ ይነጻል፤ የሸክላ ዕቃ ግን መንጻት የለውም፣ ይሰበራል። ይህን ሕግ እንደ ጥንታዊ ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ቶሎ ያልፈዋል። ሕጉን በኑሮው የሚፈጽም ሕዝብ ግን ወዲያው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ የተሰበረውን ማን ይተካል? ዕቃን ሁሉ ከገበያ የሚገዛ ቤት ሕጉን ለመፈጸም ከባድ ዋጋ ይከፍላል። ሸክላ ሠሪ እናት ያለችበት ቤት ግን ሰብሮ መሥራት ይችላል። ሙያውና ሕጉ በአንድ ጣሪያ ሥር መገኘታቸው እንዲያው አጋጣሚ ነው ማለት ይከብዳል።

የዚህ ሙግት ዋና ማስረጃ ሊቃውንቱ ብዙም ያልተጠቀሙበት ምንጭ ነው፤ በእስራኤል የሚኖሩ በዕድሜ የገፉ እናቶች ስለ ኢትዮጵያው ፋሲካ የሚሰጡት ቃል። እነዚህ እናቶች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር አለ። ፋሲካ ሲቃረብ እርሾ የነካው የዓመቱ ሸክላ ዕቃ ይሰበራል፤ ለበዓሉ አዲስ ዕቃ ይወጣል። ዛሬ በእስራኤል ጋዜጦችና የበዓል ዝግጅቶች ላይ ይህ ትውስታ እንደ ውብ ልማድ ይነገራል፤ ከዚያ ያለፈ ትንታኔ እምብዛም አያገኝም። ግን ምን ማለት እንደሆነ ይታይ። ሰባት ቀን የሚቆየው የቂጣ በዓል ከመግባቱ በፊት እያንዳንዷ እናት ለቤተሰቧ የሚበቃ ድስት፣ ምጣድና ውኃ መያዣ ሠርታ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ መጨረስ አለባት። ቄሱ ጸሎቱን ያውቃል፤ በጉም ይታረዳል። በዓሉ የሚያዝበትን ዕቃ የምታመጣው ግን እርሷ ናት። እርሷ ካላዘጋጀች ፋሲካ በርኩስ ዕቃ ይገባል። በዚህ ጊዜ የእጅ ሥራው ራሱ አምልኮ ነው።

የወር አበባውም ሥርዓት ከዚህ አይለይም። ሌስላው በ1957ቱ መጽሐፋቸው ይህን በጥሩ ሁኔታ መዝግበዋል። ሴቲቱ በወር አበባዋ ሰባት ቀን ከመንደሩ ዳር ባለው የመርገም ጎጆ ትቀመጣለች፤ ጎጆው በድንጋይ ክበብ ይከለላል፤ ምግብ ከክበቡ ጠርዝ ይቀመጥላታል፤ የምትበላበትም ዕቃ ለብቻው ነው። ስትወልድ ደግሞ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ከቤቷ ትለያለች፤ መጀመሪያ በመርገም ጎጆ፣ ቀጥሎም በአራስ ጎጆ። ወደ መንደሩ ስትመለስ በሚፈጸመው ሥርዓት መጽሐፈ አርድእት ይነበባል። የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ሲያዩ የሚቀድማቸው ስለ መገለል መጻፍ ነው፤ መገለልነቱም አይካድም። ሆኖም ለብቻው የሚቀመጥ ዕቃ የሚያስፈልገው ሥርዓት ብዙ ዕቃ የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው። ደግሞስ አዲሲቱ አራስ በመጀመሪያ ልጇ ወቅት በዚያ ጎጆ አጠገቧ የምታገኘው ማንን ነው? ሌሎች ሴቶችን። አንዲት ወጣት የጡት አሰጣጥን፣ የመንጻትን ሕግና የሙያዋን ምሥጢር ከእነሱ የምትሰማበት ጊዜ ነበር ብሎ ማሰብ ከመረጃው ብዙ አያርቅም።

የሰንበትም ነገር አለ። ትእዛዘ ሰንበት በተባለው መጽሐፋቸው ሰንበት እንደ ሴት ሆና ትታያለች፤ በፈጣሪ ፊት ቆማ ለሚያከብሯት ትማልዳለች። ይህን መጽሐፍ ሃሌቪ በ1902 አሳትመውታል፤ ሌስላውም ተርጉመውታል፤ የሥነ መለኮት ሰዎችም ብዙ ጽፈውበታል። ከሸክላ ሠሪዋ ሳምንት ጋር አገናኝቶ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በሰንበት እሳት አይነድምና ተኩሱ ከዓርብ ምሽት ቀድሞ ማለቅ አለበት። የጎንደር ትልቁ ገበያ ደግሞ የሚውለው ቅዳሜ ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ሙያዋ በገበያ የሚኖር፣ እምነቷ ግን ዋናውን ገበያ የሚከለክላት ነበረች፤ በሌላ ቀን በሌላ ገበያ ወይም ደጅ ለደጅ መሸጥ ነበረባት። ሥራዋን ለእምነቷ ያስገዛችው በመስበክ አይደለም። በሚቀርባት ብር ነው።

ይህን ሁሉ ከያዙ በኋላ ወደ ምስሎቹ መመለስ ይቀላል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የብረት ድስት፣ ሳህንና ቆይቶም የፕላስቲክ ጀሪካን ወደ ጎንደር ገጠር በብዛት ገቡ። እንስራ በጀሪካን ተተካ። ሸክላ ሠሪዋ የድሮ ደንበኛዋን እያጣች ሳለ ሌላ ዓይነት ደንበኛ መጣ፤ ከእስራኤል፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣ፣ የአይሁድ ወንድሞቹን ፈላጊ እንግዳ። እርሱ እንስራ ተሸክሞ አውሮፕላን አይገባም፤ በእጁ የሚያዝ ነገር ይፈልጋል። ከጎንደር ወጣ ብሎ በዋናው መንገድ ዳር ያለችው ወለቃ ለዚህ ተመቸች። ካፕላንና ሮዘን ይህን የገበያ ታሪክ በሚገባ አይተውታል። የዘለሉት፣ ገበያው ሲለወጥ ያልተለወጠውን ነው። ሠሪዎቹ እነዚያው እናቶችና ልጆቻቸው ናቸው፤ ሥራው የሚሠራው በዚያው ግቢ ነው፤ ከሽያጩ የሚመገቡትም እነዚያው ልጆች ናቸው። ምስሎቹን ከዚህ ሰንሰለት ነጥሎ «የጎብኚ ዕቃ» ብሎ መፈረጅ ገዢውን እንጂ ሠሪዋን አያስረዳም። ሁለቱ ሊቃውንት ምስሎቹን በሌላ ሰው ምኞት የተቀረጹ አድርገው ሲያዩ፣ እነሱም ከጎብኚው ወገን ቆመው ነው የሚያዩት።

በነገራችን ላይ በምስሎቹ መካከል የእናትና ልጅ ቅርጽ መኖሩ ያለ ምክንያት አይመስልም። ጎብኚው ሰሎሞንንና ሳባን ከአፈ ታሪክ ያውቃል፤ ኮከቡን ከራሱ አገር ያውቃል። ልጅ የያዘችን እናት ግን ከመጽሐፍ መቅዳት አላስፈለገም፤ ሠሪዋ በየቀኑ የምትኖረው ነው። ይህ ግምት ነው፤ እንደ ግምት ይወሰድ።

ሦስት ተቃውሞዎች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው ሴት ሸክላ ሠሪ በኢትዮጵያ ሁሉ አለች የሚለው ነው። ትክክል ነው፤ ጆን አርተር በ2006 ባወጡት መጽሐፍ የጋሞ ሸክላ ሠሪዎችን በዝርዝር አጥንተዋል፤ ዳያን ላየንስ በትግራይ የሚኖሩ የተገለሉ ክርስቲያን ሸክላ ሠሪ ሴቶችን አሳይተዋል። ሆኖም በጋሞም በትግራይም የሸክላ ዕቃን የሚያሰብር የኦሪት ሕግ በዓመቱ ዑደት ውስጥ እንደዚህ አልገባም። የጋራው ነገር ሙያው ነው፤ የቤተ እስራኤል የሆነው ሙያው ከእምነቱ ጋር የተጋመደበት ሁኔታ ነው። ከዚህ በላይ መልስ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዛሬዋን ወለቃ ይጠቅሳል። ቤተ እስራኤል ከሄዱ ወዲህ ያንኑ ሸክላ ክርስቲያን ሴቶች ይሠራሉ፤ ለሴቶች የሙያ ማሠልጠኛም ተቋቁሟል፤ የመንገዱ ዳር ምልክትና የግድግዳው ኮከብ እስካሁን ጎብኚ ይጠራሉ። ታዲያ ውርሱ የቤተሰብ ከሆነ እንዴት ጎረቤት ወሰደው? መልሱ ቀላል ነው፤ የሰው ሙያ ጎረቤት ስለተማረው የባለቤቱ መሆኑ አይቀርም። እንዲያውም አዲሶቹ ሠሪዎች የወሰዱት ሙያውን ነው፤ የፋሲካው ስብራት ግን አብሯቸው አልቀረም።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ሐጋር ሰላሞን በ1999 ባወጡት መጽሐፍ፣ በእስራኤል ካደረጓቸው ቃለ መጠይቆች ተነሥተው ቤተ እስራኤልና ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው እንዴት ይተያዩ እንደነበር ጽፈዋል። ቡዳ የሚለው ስም፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለው ወሬ፣ በእሳትና በጭቃ የሚሠራ ሰው ላይ የሚወርደው ፍርሃት፣ ሁሉም እዚያ አለ። ታዲያ ሙያው የንቀት ምክንያት ከሆነ ውርስ ነው ብሎ ማወደስ በቁስል ላይ ጌጥ ማድረግ አይሆንም? ልጇ ጭቃ እንዳትነካ የፈለገች፣ ትምህርት ቤት ልካ ከዚህ ሕይወት እንድትወጣ የታገለች እናት አልነበረችም? ነበረች እንጂ፤ ከዕውቀት ጋር ንቀትም ይወረስ ነበር። ግን ተቃውሞው ያልተባለ ነገር ይዋጋል። ይህ መጣጥፍ ውርስ ሁሉ መልካም ነው አላለም። ያለው፣ ሴቶቹ ይህን ሙያ ከነክብሩም ከነስድቡም ተቀብለው እምነታቸውን በእሱ ጠብቀው ልጆቻቸውን በእሱ አሳድገዋል ነው። ጎረቤት ጅብ ናት እያለ በቀን ምጣዷን ይገዛ ነበር።

በእስራኤል የሆነው ነገር ሙግቱን ከሌላ ጎን ይፈትነዋል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን ተጓጓዙ፤ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተወሰዱ። የተቀበላቸው የስደተኛ ማረፊያ፣ ሆቴልና ፎቅ ቤት ነበር። የመርገም ጎጆ የሚሠራበት ዳርቻ የለም። ሊሳ አንቴቢ በ1999 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሴቶቹ ሥርዓቱን ባንድ ጊዜ አልጣሉትም፤ ከአዲሱ ቤት ጋር እያስማሙ ልዩ ክፍል፣ ልዩ ዕቃ፣ የተወሰነ ርቀት በማበጀት ሊያቆዩት ሞከሩ። በዚህ ጥናት ላይ የሚጨመር ነገር ቢኖር አንድ ነው። ዕቃው ብረትና ብርጭቆ ሆነ። ብረት በውኃና በእሳት ይነጻል፤ አይሰበርም። ስለዚህ በእስራኤል የሸክላ ሠሪዋ ሃይማኖታዊ ሥራ የቀረው ሸክላ ስለተረሳ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ እርሷን የሚጠራበት ምክንያት በማጀቱ ውስጥ ስለጠፋ ነው። ምጣዱም የኤሌክትሪክ ሆነ። ከአሮጌው ሙያ የቀረው፣ የማንም ሕግ የማይፈልገውና ማንም የማይበላበት ነገር ነው፤ ምስሉ።

ካፕላንና ሮዘን ቢያንስ በዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። ምስሉ በአዲስ ግንኙነት ተወልዶ ውርስ ለመምሰል የለበሰ እንግዳ አይደለም። የፈረሰ ሥርዓት ትራፊ ነው፤ ዕቃው ከጓዳ ሲወጣ፣ የቀረው እጅ የያዘው ነገር።

ይህ ሁሉ ሊፈተን የሚችል ነው፤ መፈተንም ይገባዋል። በእስራኤል፣ በአውሮፓና በኢትዮጵያ ቤተ መዘክሮች ውስጥ ያሉት የቤተ እስራኤል ሸክላዎች መዝገብ ላይ በአብዛኛው የሚታየው የተገዛበት ቦታና ገዢው ነው። የሠሪዋ እናት ከየት መንደር እንደመጣች፣ ሠሪዋ የት እንደተዳረች፣ ሙያውን ከእናቷ ወይስ ከአማቷ እንደተማረች ቢጠየቅና ቢጻፍ፣ ጀበናና ምስልም ጎን ለጎን ተቀምጠው የጭቃቸው ቅንብርና የግንባታቸው መንገድ ቢመረመር፣ ከሁለት አንዱ ይታያል። የካፕላንና የሮዘን አመለካከት ትክክል ከሆነ የምስሎቹ አሠራር ከገዢው ፍላጎት ጋር እየተለዋወጠ ከጀበናው ይለያል። የዚህ መጣጥፍ አመለካከት ትክክል ከሆነ ደግሞ ምስሉና ጀበናው በአሠራር አንድ ሆነው ልዩነቱ በመንደርና በእናት ይከፈላል። ሙያውን ከእናቶቻቸው የተቀበሉት የመጨረሻዎቹ ሴቶች በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ጥያቄውን የሚመልሱት ከቤተ መዘክሩ መስታወት በፊት እነሱ ናቸው።